የደመወዝ ግብር ቀነሰ ተባለ፤ የባለቤቴ ወረቀት ላይ ግን አልቀነሰም። ምን እየሆነ ነው?

ጨሞጋ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሒሳብና ሕግ የምታውቁ እስኪ አስረዱኝ። ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነን። እኔ ደብረ ማርቆስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዲግሪ ጀማሪ ነኝ፤ ደመወዜ ከ6,940 ወደ 11,500 ገብቷል። እሱ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። የጥቅምት 2018 ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

መደበኛ ደመወዝ 6,500.00
ትርፍ ሰዓት (በሥራ ቀን 20 ሰዓት፣ እሑድ 8 ሰዓት) 1,437.50
ድምር 7,937.50
የሥራ ግብር 1,426.25
ጡረታ 7% 555.63
ተከፋይ 5,955.62

ግብሩ ከሐምሌ ጀምሮ ተሻሽሏል ከተባለ ይህ ልክ ነው? "ትርፍ ሰዓት ባይሠራ ይሻለዋል፣ ወደ ላይኛው የግብር እርከን ያሻግርና መደበኛውንም ይበላበታል" የሚሉትስ? ሁለት ልጆች አሉን፤ ለልጅ ተብሎ ከግብር የሚቀነስ ነገር ይኖር ይሆን? የቤት ኪራይ አዋጁስ ማርቆስ ላይ ይሠራል ወይ?

---

አባ ቀመር

እህቴ፣ ወረቀቱ ራሱ ተናዟል። 1,426.25 የምትለዋን ቁጥር ያዢያት። ከ7,937.50 ላይ 30% ወስደሽ 955 ስትቀንሺ ሳንቲም ሳትዛነፍ እሷው ትመጣለች። "30% ሲቀነስ 955" ደግሞ የአዋጅ 979/2008 ሰንጠረዥ ነው፣ አሮጌው። የተሻሻለው አዋጅ 1395/2017 ነው፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ነው የሚሠራው። የእነሱ ኤክሴል ላይ ያለውን ቀመር የነካው ሰው የለም ማለት ነው።

አዲሱ እንዲህ ነው። እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ድረስ 15% ሲቀነስ 300። እስከ 7,000፣ 20% ሲቀነስ 500። እስከ 10,000፣ 25% ሲቀነስ 850። እስከ 14,000፣ 30% ሲቀነስ 1,350። ከ14,000 በላይ 35% ሲቀነስ 2,050።

ስለዚህ የባለቤትሽ ግብር 7,937.50 × 25% = 1,984.38፣ ከእሱ ላይ 850 ሲነሳ 1,134.38 ነው። በወር 291.87 ብር ከልክ በላይ ተቆርጧል።

ገና አላለቀም። ጡረታውንም እይው። 555.63 የሚመጣው 7%ቱን ከጠቅላላው ድምር ላይ ሲያሰሉት ነው። የጡረታ መዋጮ ግን የሚታሰበው ለመደበኛ የሥራ ሰዓት ከሚከፈለው ደመወዝ ብቻ ነው፤ ትርፍ ሰዓት አይገባበትም። 6,500 × 7% = 455። እዚህም 100.63 ሄዷል። ሁለቱ ሲደመሩ 392.50 ብር፤ እጁ ላይ መግባት የነበረበት 6,348.12 ነው። (አንዳንዱ ደግሞ ጡረታውን መጀመሪያ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ያሰላል። እሱም ስህተት ነው፤ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ሳይነሳ ነው።)

ስለ ትርፍ ሰዓቱ የሚወራው ወሬ ነው። ትርፍ ሰዓት ባይሠራ ኖሮ ከ6,500 ላይ ግብሩ 800 ብር ይሆን ነበር። ሲሠራ 1,134.38 ሆነ። የጨመረው 334.38 ብቻ ነው፤ ከ1,437.50 ላይ 1,103.12 ለእሱ ይቀራል። 25%ቱ የሚያርፈው ከ7,000 በላይ በሆነችው 937.50 ላይ ነው፤ እስከ 7,000 ያለው በድሮ ቦታው በ20% ነው የሚቆየው። ወሬው የሚነሳው ሰው መቶኛውን ብቻ አይቶ "ሲቀነስ" የሚለውን ዓምድ ስለሚዘለው ነው። ያ ዓምድ የተቀመጠው ከታች ያሉትን እርከኖች በየራሳቸው ምጣኔ ለመያዝ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ልክ 7,000 ላይ በሁለቱም አስዪው፦ በ20% 900፣ በ25%ም 900።

ለልጅ የሚቀነስ? የለም። የእኛ አገር ሕግ የሚያየው ሠራተኛውን እንጂ ቤተሰቡን አይደለም። ስድስት አፍ የሚመግበውም ላጤውም 6,500 ካገኙ እኩል 800 ይከፍላሉ። ባልና ሚስት አንድ ላይ ማስታወቅም የለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የማሻሻያው ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው።

የአንቺን ልጨምር። በ6,940 ጊዜ፣ በአሮጌው ሰንጠረዥ፣ ግብር 1,170፣ ጡረታ 485.80፣ የተጣራ 5,284.20 ነበር። አሁን በ11,500 ግብር 2,100፣ ጡረታ 805፣ የተጣራ 8,595። ጭማሪው በወረቀት 4,560 ነው፤ እጅሽ ላይ የደረሰው 3,310.80። የቀረው 1,249.20 በግብርና በጡረታ ተመልሷል። ወረቀትሽ ላይ ከዚህ የተለየ ካለ ሌላ ተቀናሽ (ቁጠባ፣ ብድር፣ መዋጮ) አለ ማለት ነው፤ እሱን ለይተሽ እይው።

---

ጮቄ ሥር

አባ ቀመር ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን ነገሩን አታስጊጠው። አዲሱንና አሮጌውን ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጡትማ። ደመወዙ 14,000ም ይሁን 40,000 የሚተርፈው ቁርጥ 550 ብር ነው፤ ጣሪያው ያ ነው። 6,000 ለሚያገኝ 235። 4,000 ለሚያገኝ 197.50። 2,000 ለሚያገኝ 157.50። ሆቴል ቤት 1,500 የምትቀጠር ልጅ 90 ብር ነው የተረፈላት፤ እሷ ድሮም የምትከፍለው 90 ስለነበር። 550 ብር ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚሰፍር ለዚህ ቤት ሰው መንገር አያስፈልግም፤ መንገድ ሲዘጋና ጭነት ሲቆም ደግሞ እሱም ያንሳል።

ከግብር ነፃ የሆነው ወለል በ1994ቱ አዋጅ 150 ብር ነበር። 600 የሆነው በ2008 ነው። 2,000 የሆነው በ2017። አንዴ 14 ዓመት፣ አንዴ 9 ዓመት ቆሞ ነው የከረመው፤ ገበያው ግን አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም። ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ አብሮ የሚነሳ ወለል እስካልሆነ ድረስ ደመወዝ በተጨመረ ቁጥር ሰዉ ወደ ላይኛው እርከን እየተገፋ ይሄዳል። የጠያቂዋ ደመወዝ ራሱ ምስክር ነው፦ 6,940 ላይ በአዲሱ ሰንጠረዥ 20% እርከን ውስጥ ትሆን ነበር፤ አሁን 30% ውስጥ ናት።

ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚባለውም ያው ነው። "መንግሥት 6,000 አድርጎታል" የሚል ሰው ስሰማ ይገርመኛል። 6,000 ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ነው፤ ከዚያ በፊት 4,760 ነበር። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቆረጠ ወለል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ወለሉን እንዲያጠናና እንዲወስን ያዝዛል። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ (ኢሠማኮ)ም ሲወተውት የኖረው ይህንኑ ነው። ወለል ከሌለ የግብር ቅናሹን ቀጣሪው ራሱ ሊበላው ይችላል፤ "የተጣራ ይህን ያህል" ብሎ የተዋዋለ ድርጅት ግብሩ ሲቀንስ ጥቅል ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ይጽፍና ልዩነቱን ኪሱ ይከታል። ውላችሁ ላይ "ጥቅል" ነው "የተጣራ" የሚለው? አንብቡት።

---

ዳሞት

ጮቄ ሥር ያነሳው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ አሁን ግን የእህታችን 392.50 ይቅደም። እንዲህ ብታደርጉ ይሻላል፦

መጀመሪያ ገንዘቡ የት እንደገባ ለዩ። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ ድርጅቱ በአሮጌው ሰንጠረዥ ቆርጦ በአሮጌው ሰንጠረዥ ለገቢዎች ከፍሎ ይሆናል፤ ያኔ ስህተት ነው። ሁለተኛ፣ በአሮጌው ከሠራተኛው ቆርጦ ለገቢዎች ግን በአዲሱ አስታውቆ ይሆናል፤ ያኔ ልዩነቱ ድርጅቱ ጋ ነው ያለው፣ ስሙም ሌላ ነው። ይህን የሚለየው በየወሩ ከግብር ማስታወቂያው ጋር የሚያያዘው የሠራተኞች ዝርዝር ነው። የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ መለያ ቁጥር፣ ደመወዝና ግብር መስመር በመስመር አለበት። ባለቤትሽ የራሱን መስመር ብቻ ነው መጠየቅ ያለበት፤ የሌላውን ሰው ደመወዝ አሳዩኝ ካለ እንቢ ለማለት ምክንያት ይሰጣቸዋል። ጡረታውም እንደዚያው ነው፦ ከእሱ 555.63 ቆርጠው መዋጮውን በ6,500 ላይ አስታውቀው ከሆነ 100.63ቱ የትም አልገባም። ድርጅቱ ከራሱ የሚጨምረው 11% በስንት ላይ እንደተሰላ ካያችሁ ወዲያው ይታወቃል፤ በ6,500 ከሆነ 715 ብር ነው።

ቀጥሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። አንድ ገጽ ትበቃለች፦ የተቆረጠው፣ መቆረጥ የነበረበት፣ ልዩነቱ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ። ሁለት ቅጂ ያዘጋጅ፤ አንዱ ላይ ቀንና ፊርማ አስደርጎ ይያዘው። አልፈርምም ካሉት በፖስታ ቤት በሪኮመንዴ ይላክ። "አይዞህ፣ በሚቀጥለው ወር እናስተካክላለን" የሚለው የቃል ተስፋ ለሕግ ምንም ነው፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ። አሠሪ የደመወዝ አከፋፈል መዝገብ የመያዝና ሠራተኛው ሲጠይቅ የማስረዳት ግዴታ አለበት። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ከሌለ ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም፤ ይህ የአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 ነው።

ሦስተኛ፣ ቀኑን ቁጠሩ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌላ ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው ያልፍበታል። የሐምሌ 2017 ልዩነት ጥር 2018 መጨረሻ ላይ ይዘጋል፤ የነሐሴው የካቲት መጨረሻ፤ እያለ ይሄዳል። ይርጋውን የሚያቋርጠው ለሥራ ክርክር ችሎት ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው ባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ፣ አለዚያም አሠሪው በጽሑፍ "አዎ፣ አለብኝ" ብሎ ማመኑ ነው። ስለዚህ ሒሳብ ክፍሉ "ስህተት ነበር፣ ይስተካከላል" ካለ ያችኑ ቃል በደብዳቤ ያምጣት።

ካልሆነ ከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ያለውን የሥራ ተቆጣጣሪ ማነጋገር፣ ከዚያ ችሎት። ሠራተኛ የሚያቀርበው የሥራ ክርክር ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ነው፣ ይህን የማያውቅ ብዙ ነው። አቤት በማለቱ ማባረርም አይቻልም፤ አንቀጽ 26 ቅሬታ ማቅረብን ለስንብት በቂ ምክንያት ከማይሆኑት ውስጥ ቆጥሮታል።

---

ጨሞጋ

እግዜር ይስጥልኝ። ሒሳብ ሹሙን ጠይቆት "ይህ የፌዴራል ነው፣ ክልሉ የራሱ ሰንጠረዥ አለው" ብሎ መልሶታል። ይሄስ?

---

ዳሞት

ግማሹ እውነት ነው፣ ለዚህ ነው ሰው የሚያምነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ከክልል መንግሥት ሠራተኛና ከግል ድርጅት ተቀጣሪ የሥራ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን የክልሉ ነው፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤትና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ነው በአንቀጽ 96 ወደ ፌዴራል የሚሄደው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ መምህርና ከአጥሩ ውጪ ካፌ የሚሠራ አስተናጋጅ ግብራቸው ሁለት ቦታ ነው የሚገባው። ምጣኔውን ግን ክልሎች ከፌዴራሉ ጋር አንድ አድርገው ነው የሚሠሩበት።

ከሒሳብ ሹሙ ጋር መከራከር ዋጋ የለውም። ከተማው ገቢዎች ሄዶ "የሐምሌንና የጥቅምትን ማስታወቂያ በየትኛው ሰንጠረዥ ነው የተቀበላችሁት?" ብሎ ይጠይቅ። አጭር ጥያቄ ናት፣ መልሷም አጭር ነው። በአዲሱ ከሆነ የሒሳብ ሹሙ ነገር እዚያው አለቀ። ድርጅቱ ከሚገባው በላይ ከፍሎም ከሆነ ማስታወቂያውን አስተካክሎ የሚያቀርበውና ተመላሹን የሚጠይቀው ድርጅቱ ነው፤ ሠራተኛው በግሉ ገቢዎች ደጅ መጥናት የለበትም።

---

እንዳማጣ ሰፈር

የኪራዩን ጥያቄ ማንም አልነካላትም። አዋጁ 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። ክፍያው በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ነገር ግን በቀጥታ የወጣው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፤ ሌላው ጋ የሚሠራው ክልሉ ወስኖ በሚያስገባቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩ የቤት ጉዳይ ክፍል ሳትጠይቂ አዋጁን ይዘሽ አከራይ ፊት አትቁሚ። አከራዩ "እዚህ አይሠራም" ካለሽ በኋላ ጠቡ ብቻ ነው የሚተርፈው።

አዋጁ ደረሰም አልደረሰ የጽሑፍ ውል ያዙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 በሕግ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው። ዘመኑን፣ ኪራዩን፣ በዘመኑ ውስጥ እንደማይጨመር፣ መብራትና ውሃ በምን እንደሚከፈል አስጽፊ። የመብራትና የውሃዋን ነገር ሰው ንቆ ይተዋታል፣ ብር የሚፈሰው ግን እዚያ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አራት ተከራይ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ልንገርሽ። በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም መኖሪያ ቤት ለመብራት ቫት አይከፍልም፤ ለውሃም እስከ 15 ሜትር ኩብ እንደዚሁ። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት 8.75 ይበላል፤ በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር ወደ 76 ነው። አንድ ቤተሰብ ምጣዱንም አምፖሉንም ፍሪጁንም ይዞ ከ200 በታች መዋል ይችላል። አራት ምጣድ በአንድ ቆጣሪ ላይ ግን በእንጀራ ብቻ 300 ያልፋል፤ ታሪፉም ወደ ላይ ይወጣል፣ ቫቱም ይመጣል፣ አከራዩም "ለአራት እንካፈል" ይላል። ከአራቱ አንዱ እንጀራ የማይጋግር ላጤ ቢሆንም እኩል ይከፍላል። የራስ ቆጣሪ ያለው ቤት በኪራይ ትንሽ ቢወደድም ይህን አስልታችሁ ነው ማወዳደር ያለባችሁ። ካልተገኘ በየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ አስገብቶ በንባብ መካፈል ከ"ለአራት" ይሻላል።

---

አባ ቀመር

አንዲት ነገር ረስቼ፦ ጨሞጋ፣ የትርፍ ሰዓቱን ስሌት አይቼዋለሁ፣ እሱ ልክ ነው፤ እሱን ይዞ እንዳይከራከር። 6,500 ለ208 ሲካፈል የሰዓቱ 31.25 ነው (በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 የሥራ ቀን)። 20 ሰዓት በ1.5 እጥፍ 937.50፣ እሑድ 8 ሰዓት በ2 እጥፍ 500። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሠራ ከሆነ 1.75 ነው፤ በሕዝብ በዓል 2.5። ሌሎቻችሁ ግን የራሳችሁን እዩ፦ አንዳንድ ቦታ 8 ሰዓቱን በ30 ቀን አባዝተው ደመወዙን ለ240 ያካፍሉታል። ያኔ ሰዓቱ 27.08 ይሆንና በዚሁ የሥራ መጠን 191.67 ብር ይጎድላል፤ ወረቀቱ ላይ የሰዓት ዋጋ ስለማይጻፍም አይታይም።

ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የ28 ሰዓቱን ቀንና ሰዓት በደብተር እየጻፈ ይያዝ፤ ችሎት ከደረሰ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱን ነው።

---

ጨሞጋ

ደብተሩ አለው። የሐምሌን፣ የነሐሴንና የመስከረምን ወረቀት አብሮ አውጥቶ ሦስቱንም በዚሁ ቀመር እናሰላቸዋለን፤ ደብዳቤው ሰኞ ይገባል።